ወባውን ካገኘሁ በኋላ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋውኔን ሁለት ጊዜ ተኩሻለሁ። ሀዋሳ መሃል ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ፤ ዲግሪዬን በፕላስቲክ ማኅደር ይዤ፣ አዲስ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ። የላቦራቶሪውን በር ስከፍት አንድ ሽበታም ሰው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እጃቸውን ይታጠባሉ። ዞር ሳይሉ፣ በሩን ዝጊው አቧራ ይገባል አሉኝ። አቀባበሌ ይኸው ነበር።

ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ። በሰርተፍኬት የተመረቁ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ የሲዳማ ሰው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው። እኔ ደግሞ ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በቴክኖሎጂስትነት ማዕረግ የተመደብኩ። በወረቀት ደረጃዬ ከእሳቸው ይበልጣል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አረማመዴን ያየ ሁሉ ግን ሳይገባው አይቀርም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ። አንደኛው በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሌላው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው የሚያሳየው። ጣራው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሲራመድ ቆርቆሮው ይንኳኳል። እኔ በትምህርት ቤት የማውቃቸው ትልልቅ ማሽኖች የት እንዳሉ ስጠይቅ ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ካርቶን ስላይድ፣ ደም የሚቀባበትን ጠፍጣፋ መስታወት፣ አንስተው ሰጡኝ። እጠቢ አሉኝ።

አጠብኩ። በሳሙና፣ በንጹሕ ውኃ፣ በአልኮል፣ ከዚያ በጨርቅ። እሳቸው አንድ በአንድ ጠርዙን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል። በአንዲት የጣት አሻራ ምክንያት ሃያውን መልሰው እንዳጥብ ያዘዙኝ ጊዜ ደሜ ፈላ። ቅባት ያለበት ስላይድ ላይ ደም አይጣበቅም፣ ቀለም ሲነካው ይላጣል፣ የተላጠው ላይ ደግሞ በሽታ አምጪው ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን እጄ እስኪሰነጣጠቅ ሲያሳጥቡኝ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ለዕቃ እጥበት ነው ወይ እያልኩ ውስጥ ውስጡን ስነጫነጭ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጉኝ። አንድ ጠብታ ዘይት ስላይዱ ላይ ጣል አድርገው ትልቁን ሌንስ አወረዱና ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም፣ በመካከሉ የወባ ጥገኛ። በመጽሐፍ ሺ ጊዜ ያየሁት ነው። እሳቸው ግን ቀና በይ አሉኝና በመስኮቱ በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አሳዩኝ። ያየሁት ደም የእሷ ነው። ያቺ ሴት ክንዷን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ የሚያንቀጠቅጣትን ነገር እሷ አታውቀውም፣ እኔ አሁን አይቼዋለሁ።

የጋሽ ዳንጊሶ አሠራር እንዲህ ነው። በሌንሱ አንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ሥፍራ ፊልድ እንለዋለን። ወባ የለም ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ መቶ ፊልድ መታየት አለበት፤ ይህ የሁላችንም ሕግ ነው። እሳቸው ግን ወባውን ካገኙም በኋላ መቶውን ይጨርሳሉ። በቀኛቸው ሁለት ክብ የመስታወት ሳህን አለ፤ በየአሥሩ ፊልድ አንዲት ቦሎቄ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። አሥሯ ቦሎቄ ሳትሻገር ብዕር አያነሡም። በመዝገቡም ላይ በገዛ እጃቸው አንድ ዓምድ አስምረው "የታየ ፊልድ" ብለው ጽፈውበታል።

እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ግትርነት ነበር የቆጠርኩት። ሐኪሙ የጠየቀው ወባ አለ ወይ ብሎ ነው፤ አለ። ምን ቀረ? ወባውን እንዳገኘሁ ዓይነቱን ለይቼ፣ ብዛቱን ገምቼ፣ ወረቀቱን እልካለሁ። ሰልፉ በእኔ በኩል ይሮጣል፣ በእሳቸው በኩል ይጎተታል። ሕመምተኛው ሁሉ ወደ እኔ መስኮት መሻማት ጀመረ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። ጋሽ ዳንጊሶ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ አብረው አጨበጨቡ።

አንድ ጊዜ ብቻ መዝገቤን ገልጠው፣ ቀሪውስ ብለው ጠየቁኝ። ወባው ተገኝቷል እኮ ጋሼ አልኳቸው፣ በደረቅ ድምፅ። እንግዲያው ያየሽውን ቁጥር በሐቅ ጻፊ፣ መቶ ሳታዪ መቶ እንዳትይ አሉኝ። ይህን እሺ አልኩ። ፈጣን ነበርኩ እንጂ ውሸታም አልነበርኩም።

ክረምቱ ወጥቶ የወባው ወቅት ገባ። ሰልፉ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ አጥሩ በር ይደርሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሰኞ ታምራት የሚባል የቀን ሠራተኛ መጣ። ከከተማው ዳር ቱላ በሚባለው ሰፈር በሚሠራ ሕንፃ ላይ ድንጋይ ተሸካሚ ነው። ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እግሩን ይቆረጥመዋል። ጣቱን ወጋሁ፣ ደሙን አደረቅኩ፣ ቀለም ነከርኩ፣ አየሁ። ሰባተኛው ፊልድ ላይ ወባ። መዝገቡ ላይ የወባውን ዓይነት ጻፍኩ፣ በዓምዱ "7" አልኩ፣ ፈረምኩ፣ ቀጣዩን ጠራሁ። ጤና መኮንኑ ምሕረቱ የወባ መድኃኒት አዘዘለት።

በአራተኛው ቀን ታምራት ተመልሶ መጣ። በእግሩ አልነበረም፤ እህቱ አስቴር በባጃጅ አምጥታ፣ ከሾፌሩ ጋር ደግፋ አስገባችው። አስቴር እዚያው የሕንፃው ሥራ ቦታ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስል ሴት ናት። የወንድሟ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ካፍንጫው ደም ይፈሳል፣ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱን አንድም ሳይዘል ውጧል፤ እሷ ራሷ ናት የምትሰጠው።

ምሕረቱ ወደ ላቦራቶሪው መጣ። ወባው መድኃኒቱን አሸንፎት ይሆናል፣ ጠንከር ባለ የወባ መድኃኒት ጀምሬ ወደ ሆስፒታል ልልከው ነው፣ ደሙን ድገሙልኝ አለን። ወረቀቱን እየጻፈ ነበር የሚያወራው። እኔ አዲስ ደም ወስጄ ስላይዱን ቀለም ውስጥ ከተትኩ። እስኪነከር ደቂቃዎች ይፈጃል።

በዚያ መካከል ጋሽ ዳንጊሶ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠው የሰኞውን መስመር በጣታቸው አገኙ። ከዚያ የቆዩ ስላይዶች የሚቀመጡበትን የእንጨት ሳጥን ከፍተው የታምራትን የሰኞ ስላይድ አወጡ። መስኮት ሥር ካለው ማይክሮስኮፕ ላይ አድርገው ወንበሩን ሳቡልኝ። ከስምንት ቀጥይ አሉኝ። ሰልፍ አለ ስላቸው የመቀበያውን መስኮት ዘጉት።

ከስምንት ቀጠልኩ። ልቤ በንዴት ይመታል፤ ሰው እየሞተ እኔን ያስተምሩኛል ብዬ። አሥራ አምስት። ሃያ። ወባ፣ ነጭ የደም ሴል፣ ባዶ፣ ወባ። ቦሎቄዎቹን እሳቸው ከጎኔ ቆመው ያሻግሩልኛል። አርባ ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ነገር አየሁ።

ክር ነው። ቀጭን፣ ሐምራዊ፣ የተጠማዘዘ ክር። ቆሻሻ ነው አልኩ በልቤ፣ ያልታጠበ ስላይድ። ስላይዱን ያጠብኩት ደግሞ ራሴ ነበርኩ፤ ቆሻሻ እንደሌለበት አውቃለሁ። አርባ አራተኛው ላይ ሁለት ሌሎች። ሃምሳ አንደኛው ላይ ሦስት ተቆላልፈው። ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅኩላቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወጥተው ከታምራት ጣት አንዲት ጠብታ ትኩስ ደም አመጡ። ቀለም አልነኩትም፤ በጨው ውኃ አቅጥነው፣ ስስ መስታወት ሸፍነው፣ እንዳለ ከሌንሱ ሥር አስገቡት። እዪ አሉኝ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ክሮቹ በሕይወት አሉ። ይጠመዘዛሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ቀይ የደም ሴሎችን እየገፉ ያልፋሉ። ሴሎቹ ማን እንደመታቸው ሳያውቁ ይንገዳገዳሉ። ይህ ሁሉ ግርግር፣ ይህ ሁሉ ጥድፊያ፣ አንዲት ጠብታ ውስጥ ነው። በትምህርት ቤት ስሙን በቃል አጥንቼ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት በሽታ ነው፦ በቅማል የሚተላለፈው፣ ሄደ ሲባል የሚያገረሸው ትኩሳት። ስሙን ማወቅና እሱን ማየት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያኔ ነው የገባኝ። አምላኬ ሆይ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የሚያስደነግጥ ውበት ነበረበት፣ ይህን ለመናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ወዲያው ሌላው ነገር መጣብኝ። እነዚህ ክሮች ሰኞም ነበሩ። እኔ ሰባት ፊልድ አይቼ የተነሣሁበት ስላይድ ላይ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ፣ ነበሩ። አራት ቀን ሙሉ ሰውየውን ሲበሉት እኔ ሰልፍ ሳሳጥር ነበር። አሁን ደግሞ በእኔ ወረቀት ምክንያት ምሕረቱ ሌላ የወባ መድኃኒት ሊሰጠው ነው፤ ያ መድኃኒት እነዚህን አይነካም።

ጋሽ ዳንጊሶ መዝገቡን ከፊቴ አኖሩት። በእኛ ሥራ ስህተት አይፋቅም። በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ሆኖ፤ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፍና የጻፈው ሰው ይፈርማል። በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። የታረመውን የውጤት ወረቀት እሳቸው ይወስዱታል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"የጻፈው እጅ ነው የሚያርመው" አሉኝ። "ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። ከዚያ እህቱ ዘንድ።"

ምሕረቱ ወረቀቱን አንብቦ ራሱን ያዘ። የጀመረውን የሆስፒታል ማስተላለፊያ ወረቀት ተወው። ወቀሳ አልተናገረኝም፤ የሚወቅስበት ጊዜም አልነበረውም። ነርሷን ጠርቶ ጉሉኮስ አስተክሎ ክሮቹን የሚገድለውን የፔኒሲሊን መርፌ ማዘጋጀት ጀመረ።

አስቴር አግዳሚው ላይ ነበረች፣ ነጠላዋን በጉልበቷ ላይ ጠቅልላ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የቅማል ነገር ለሰው መንገር ቀላል አይደለም፤ ሰው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

"ወንድምሽ ያለበት ወባ ብቻ አይደለም" አልኳት። "ሌላ በሽታም አለ፤ በልብስ ስፌት ውስጥ በሚሸሸግ ቅማል የሚመጣ። ሰኞም ደሙ ውስጥ ነበር።"

"ሰኞ ለምን አልነገራችሁንም?"

"እኔ ስላላየሁት ነው። ወባውን ሳገኝ ማየት አቆምኩ።"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮኽ ይቀለኝ ነበር።

"አሁን አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"መድኃኒት አለው?"

"አለው።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ታደርጊያለሽ? ሂጂ ስጡት።"

መድኃኒቱ የራሱ አደጋ አለው። መርፌው ሲሰጥ እነዚያ ክሮች በአንድ ጊዜ ይሞታሉ፤ ሲሞቱ ደግሞ ሰውነትን ያናውጣሉ። ትኩሳቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። የደከመ ሰው በዚያች ሰዓት ሊሞት ይችላል። ምሕረቱ ይህን ለአስቴር አስቀድሞ ነገራት፣ ነርሷን ከአልጋው ራስጌ አቆመ። እኔም ከላቦራቶሪው ወጥቼ ከግርጌው ቆምኩ፤ ማንም አልጠራኝም፣ ማንም አላባረረኝም።

መርፌው ከተሰጠው አንድ ሰዓት ያህል እንደሆነ ጀመረው። አልጋው እስኪንኳኳ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ ይፋጫል። ምሕረቱ ግፊቱን ይለካል፣ ቁጥሩን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለነርሷ ይነግራታል፣ ነርሷ ጉሉኮሱን ታፈጥናለች። አስቴር የወንድሟን እግር ይዛ በሲዳምኛ ትጸልያለች፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ልማድ። ቃሉ አልገባኝም፤ የታምራትን ስም ደጋግማ ስትጠራ ብቻ እሰማለሁ። እኔም በእኔው ወግ አማተብኩ። ይህ ሰው ከሞተ ጋውኔን አውልቄ ደብረ ብርሃን እገባለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ላቡ ጎረፈ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። አስቴር አጠጣችው፣ አፉን ጠረገችለት፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ስድቡ ሊወርድብኝ ነው አልኩ። እሷ ግን፣ ከታምራት ጋር በአንድ የቆርቆሮ ቤት አሥራ አንድ ሰዎች እንደሚያድሩ፣ ብርድ ልብስም እንደሚጋሩ ነገረችኝ። ሁለቱ ራሳቸውን አሟቸው ተኝተዋል አለች። የእነሱንም እይልኝ አለችኝ።

በማግስቱ እኔና ጋሽ ዳንጊሶ የስላይድ ሳጥናችንን ይዘን በባጃጅ ቱላ ሄድን። ሰዎቹ ለምን እንደመጣን ሲሰሙ ኮታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ማንም ልብሱን ሊያስነካ አልፈለገም። ጋሽ ዳንጊሶ በሲዳምኛ ትንሽ ካነጋገሯቸው በኋላ የራሳቸውን ኮት አውልቀው ገለበጡና አስቴርን በሁሉም ፊት ጠሯት። መጀመሪያ የእኔን ስፌት ፈትሺልኝ አሏት። እሷም እንደ ምስር ለቀማ ጎንበስ ብላ በጣቷ ፈተሸችው። አንዱ ሳቀ፣ ሁለተኛው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ልብሳቸው በትልቅ በርሜል ተቀቀለ። ደማቸውን ወሰድኩ።

ያን ዕለት አሥራ አንድ ስላይድ ለማየት ሙሉ ከሰዓት ፈጀሁ። ወባ ያገኘሁበትንም፣ ምንም ያላገኘሁበትንም እስከ መቶ ሄድኩ። ክሮቹን በሦስት ሰዎች ደም ውስጥ አየኋቸው። ከሦስቱ አንዱ ምንም አያመኝም ብሎ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው ነው። ሦስቱም ታክመው ዳኑ። ታምራት ዓይኑ እስኪነጣ ሳምንታት ፈጀበት፤ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለጋሽ ዳንጊሶ ያለኝ አድናቆት ልክ አልነበረውም። ምልክቱን ከርቀት ያነበቡ፣ ከቢጫው ዓይንና ከአፍንጫው ደም ሁሉን ያወቁ ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው። አንድ ቀን ጠረጴዛውን አብረን ስናጸዳ ሲብላላብኝ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን እንዴት ጠረጠሩ?"

"ምኑን?"

"ሌላ በሽታ እንዳለበት።"

ጨርቁን ጨመቁ፣ ዘርግተው ሰቀሉት።

"አልጠረጠርኩም" አሉኝ። "መዝገቡ ላይ ሰባት ይላል። መቶ አልሞላም ነበር፣ ይሙላ ብዬ ነው።"

ከዚያ ሁሉ በኋላ ከምንም በላይ ያስደነቀኝ ይህ መልስ ነው። አልጠረጠሩም። አላወቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ሥራው ያላለቀ መሆኑን ነው፤ ያ ሰው በሕይወት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። አሁን አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለእነሱ የጻፍኩት አለቆቼ ከሥራሽ የተማርሽበትን አንድ ቀን ጻፊልን ስላሉኝ ነው። የተማርኩት ይኸው ነው። የተጠየቃችሁትን ስታገኙ ሥራው አላለቀም። መቶውን ጨርሱና ፈርሙ።